ምዕራፍ 7፦ ታምቆ የሚጠብቅ አየር

የመዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ስለ አደጋ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያሳስበው ሕፃን ልጅ ሳይታይ ውሃው ውስጥ መግባቱ ነው። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን ያስባል፤ ከዚያም ክሎሪኑን። ሦስቱም ተገቢ ሥጋቶች ናቸው፤ ስለ ኤሌክትሪኩ በ4ኛው፣ ስለ ክሎሪኑ በ5ኛው ምዕራፍ በስፋት ተነጋግረናል። ከፓምፑ አጠገብ የተተከለውን በርሜል የሚያህል ማጣሪያ ግን የሚፈራው ሰው ጥቂት ነው። አይሽከረከርም፣ አይግልም፣ ሽታ የለውም። ሆኖም ክዳኑን ያለ ጥንቃቄ የፈታ ሰው ከባድ ጉዳት ሊደርስበት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ክዳኑን የሚያስፈነጥረው ከውሃው በላይ፣ በክዳኑ ሥር ታምቆ የተቀመጠው አየር ነው።

በአገራችን ማጣሪያ የማያስፈልጋቸው መዋኛዎች አሉ። በሶደሬና በወንዶ ገነት ፍል ውሃው ከምድር እየፈለቀ ይገባል፣ በሌላው በኩል ይወጣል፤ ገንዳው ራሱን ያድሳል። በባሕር ዳር፣ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ በሆቴሎችና በመኖሪያ ግቢዎች የሚታዩት አብዛኞቹ ገንዳዎች ግን አንዱኑ ውሃ እያጣሩ መልሰው መላልሰው የሚጠቀሙ ናቸው። በእንጅባራ ብርድ ግቢው ውስጥ ገንዳ የሚያስቆፍር ሰው ብዙ አይደለም። ያም ቢሆን የእንጅባራም ሆነ የዳንግላ አንባቢ ይህን ምዕራፍ እንዳይዘልለው እለምናለሁ። ሮቶ ያለው፣ ፓምፕ ያስገጠመ፣ ከቧንቧው ሥር የውሃ ማጣሪያ ያንጠለጠለ ቤት ሁሉ የሚገዛው በዚሁ በታመቀ አየር ሕግ ነው። ደግሞም ከባሕር ወለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው እንጅባራ ይህን ሕግ ከቆላ ከተሞች ይልቅ አጉልታ ታሳያለች።

በማጣሪያው ውስጥ

ብዙ ጊዜ የምናገኘው የአሸዋ ማጣሪያ ነው። በበርሜሉ ውስጥ ቅንጣቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መጠኑ የተመረጠ አሸዋ አለ። ፓምፑ ከገንዳው የመጣውን ውሃ ከላይ አስገብቶ በአሸዋው መካከል ወደታች ይገፋዋል። ውሃው በቅንጣቶቹ ክፍተት ሲሽሎከለክ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። ከ20 እስከ 40 ማይክሮን የሚደርስ ደቃቅ ነገር ሳይቀር ይያዛል፤ አንድ የሰው ጠጉር 70 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው። ሁለተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ በተጣጠፈ ጨርቅ መሰል ነገር ያጣራል። ሦስተኛው ዳያቶማይት የሚባል ነጭ ዱቄት ይጠቀማል። ይህ ዱቄት ከጥንት ሐይቆች ግርጌ የተጠራቀመ የደቂቅ ሕዋሳት ቅርፊት ሲሆን በስምጥ ሸለቋችን፣ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ክምችቱ ይገኛል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ ትንሽ የቆሸሸ አሸዋ ፍጹም ንጹሕ ከሆነው የተሻለ ያጣራል። የተያዘው ቆሻሻ ክፍተቶቹን ስለሚያጠባቸው ይበልጥ ደቃቁን መያዝ ይቻላል። ነገር ግን ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ፓምፑ ውሃውን ለማሳለፍ የበለጠ መግፋት አለበት፤ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊትም ከፍ ይላል። በላዩ ላይ የተገጠመው የግፊት መለኪያ፣ ሠራተኞቹ ጌጅ የሚሉት፣ ይህን ይነግረናል። አሸዋው ታጥቦ እንዳለቀ የሚያሳየው ቁጥር በማይለቅ ቀለም በርሜሉ ላይ ይጻፍ። ጌጁ ከዚያ ቁጥር ከግማሽ ባር በላይ ከፍ ሲል ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ እየገፉ አሸዋውን የማጠቢያው ጊዜ ደርሷል።

ባር ምን ያህል ነው? ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ ሊያስረዳን ይችላል። ወደ ውሃው 10 ሜትር በወረድን ቁጥር ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። የዘንገና ጥልቀት 166 ሜትር ገደማ ነው ስለሚባል ወለሉ ላይ ያለው ውሃ የተሸከመው ተጨማሪ ግፊት 16 ባር ገደማ ነው። የመዋኛ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከ1 እስከ 1.5 ባር ባለው ግፊት ነው። የመኪና ጎማ እንኳ ከ2 ባር በላይ ይይዛል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል።

ጎሚስታው የሚያውቀው

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ እንጅባራን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። የጭነት መኪና በሚበዛበት እንዲህ ባለ ከተማ የጎሚስታ ሥራ አይታጣም። አንዳንድ የጭነት መኪና ቸርኬ በብረት ቀለበት የተያያዘ ነው፤ ጎማውን በቦታው አፍኖ የሚይዘው ያ ቀለበት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ጎሚስታ ቀለበቱን ከመነካካቱ በፊት የነፋስ መግቢያውን ፈትቶ ነፋሱን እስከ መጨረሻው ያስተነፍሳል። ነፋስ ባለበት ጎማ ላይ ቀለበቱን የነካ ሰው ብረቱ ፊቱ ላይ ሊፈናጠርበት እንደሚችል ያውቃል።

የብዙ የመዋኛ ማጣሪያ ክዳን የተያዘውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ዙሪያውን አቅፎ የሚያጣብቅ የብረት ቀበቶና የሚያጠብቀው አንድ ቡሎን አለ። ጎሚስታው ግን በእጁ ያለው ዕቃ ነፋስ መያዙን አይጠራጠርም። ማጣሪያውን የሚከፍት ሰው ደግሞ በእጁ ያለው የውሃ ዕቃ ነው ብሎ ያምናል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ እምነት ነው፤ ለምን እንደሆነ ለማየት ውሃና አየር ሲጫኑ የሚያሳዩትን ጠባይ እናነጻጽር።

100 ሊትር ውሃ በ1.5 ባር ብንጫነው የሚቀንሰው 7 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጥ። ግፊቱ ሲለቀቅ መልሶ የሚፈልገው ቦታም ያችኑ ያህል ነው። ስለዚህ በውሃ ብቻ የተሞላ ማጣሪያ ክዳኑ ቢላላ ጥቂት ውሃ ቱፍ ብሎ ይወጣና ግፊቱ ወዲያው ይሞታል።

አየር እንዲህ አይደለም። የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የሆነውን ሮያል ሶሳይቲን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሮበርት ቦይል በ1662 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ አየር ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ይዞታው በግማሽ ይቀንሳል። ሲለቀቅ ደግሞ የተቀማውን ቦታ በሙሉ መልሶ ይጠይቃል። በማጣሪያው አናት 50 ሊትር አየር በ1.5 ባር ታምቆ ቢገኝ፣ በእንጅባራ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት 150 ሊትር ሊሆን ይፈልጋል። ውሃ ክዳኑን አንዴ ነክቶ ይተወዋል፤ አየር ግን ክዳኑ በተነሣ ቁጥር እየተከተለ፣ እየሰፋ፣ እየገፋ ይሄዳል። ክዳኑን ወደ ላይ የሚወነጭፈው ይህ መከተሉ ነው። መሐንዲሶች የአዲስ ቦይለርን ወይም የጋዝ ሲሊንደርን ጥንካሬ ሲፈትኑ በተቻለ መጠን በውሃ የሚሞሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕቃው ቢሰነጠቅ ውሃው ይፈስሳል እንጂ አይፈነዳም።

ፈረሶችና ክዳን

በ3ኛው ምዕራፍ ስለ ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪክ በአጭሩ አንሥተን ነበር። የማግደቡርግ ከተማ ከንቲባ የነበረው ይህ ሰው በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የመጀመሪያውን የአየር ማውጫ ፓምፕ ሠራ። ሁለት የመዳብ ግማሽ ሉሎችን አጋጥሞ በውስጣቸው ያለውን አየር መጠጠ፤ ከዚያም በሁለቱም ወገን ፈረሶች አስሮ በተቃራኒ አቅጣጫ አስጎተተ። ፈረሶቹ ሊለያዩዋቸው አቃታቸው። ሉሎቹን የያዛቸው ማጣበቂያ አልነበረም፤ በዙሪያችን ያለው አየር ከውጭ ያሳረፈባቸው ጫና ብቻ ነበር።

በእንጅባራ አካባቢ ያለ የአዊ ሰው ፈረስ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አይነገረውም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ ያየ ሰው፣ በሁለት ጎራ የተሰለፉ ፈረሶች ያልበገሩት ጉልበት ምን ማለት እንደሆነ በዓይነ ኅሊናው ሊስል ይችላል። የሉሎቹ ስፋት 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በዝቅተኛ ስፍራ የአየር ግፊት 1 ባር ያህል ስለሆነ፣ ያንን ስፋት የሚጫነው ኃይል 20 ኩንታል ይደርሳል።

የአንድ መካከለኛ የመዋኛ ማጣሪያ ስፋትም 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ተከፍሎ የሚነሣ ማጣሪያ ከሆነ፣ ጌጁ 1.5 ባር በሚያሳይበት ጊዜ የላይኛውን ግማሽ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 30 ኩንታል ነው። ፈረሶቹን ካሸነፈው አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ የሚይዘው ያ ቀጭን የብረት ቀበቶና አንድ ቡሎን ናቸው። አናቱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ክዳን ብቻ ያለው ማጣሪያም ቢሆን ወደ 5 ኩንታል በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። በጌጁ ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር በአንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፈውን ብቻ ነው የምትናገረው፤ ስፋቱ ሲባዛባት ምን እንደምታክል አትነግረንም።

ከፍታው የሚጨምረው

በእንጅባራ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.74 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈላውም ስለዚህ ነው። ይህ መሳሳት ለማጣሪያችን ሁለት ነገር ያመጣል።

የታመቀው አየር ሲለቀቅ የሚገጥመው የውጭ አየር ስስ ስለሆነ ይበልጥ ይሰፋል። ቅድም 150 ሊትር ይሆናል ያልነው አየር በባሕር ዳርቻ ቢሆን ኖሮ 125 ሊትር ላይ በቆመ ነበር።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል፤ በመሣሪያ መታመንን የሚመለከት ነውና። አንዳንድ ጌጆች መርፌው እንዳይንቀጠቀጥ ግሊሰሪን ተሞልተው በፋብሪካ ይታሸጋሉ። በዝቅተኛ ስፍራ የታሸገ ጌጅ በሆዱ የዚያን ስፍራ አየር ይዞ ደጋ ይወጣል። የሚለካው በሆዱ ካለው አየር ጋር እያወዳደረ ስለሆነ፣ በእንጅባራ ከእውነተኛው ግፊት እስከ ሩብ ባር አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለ ጌጅ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ ሳለ በ50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ከ5 ኩንታል በላይ ኃይል ገና ሊኖር ይችላል። አብዛኞቹ የታሸጉ ጌጆች በላያቸው ትንሽ የጎማ መሰኪያ አላቸው፤ ከተገጠሙበት ከፍታ አየር ጋር እንዲተካከሉ መሰኪያዋ ለአፍታ ከፈት ትደረጋለች። የዛገና የደረቀ ጌጅም መርፌው ተጣብቆ ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ ጌጅ የመጀመሪያው ምስክር ነው፤ በእርሱ ቃል ብቻ ግን ክዳን አይፈታም።

አየሩ የሚገባበት መንገድ

ፓምፕ ውሃ እንደማይስብ በ3ኛው ምዕራፍ አይተናል። ፓምፑ ከፊቱ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፣ በገንዳው ላይ ያረፈው የውጭ አየር ደግሞ ውሃውን ወደ እርሱ ይገፋዋል። በእንጅባራ ይህ የውጭ አየር በስሌት ውሃን ከ7.5 ሜትር በላይ ከፍ ሊያደርግ አይችልም፤ በባሕር ዳርቻ 10 ሜትር ይደርሳል። ከፓምፑ በፊት ባለው ቧንቧ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ፣ እዚያ ያለች ትንሽ ስንጥቅ ውሃ አታፈስስም፤ አየር ታስገባለች። ወለሉ ደረቅ ስለሆነ ማንም አያስተውላትም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በፓምፑ መግቢያ ክዳን ሥር ባለው የደረቀ የጎማ ቀለበት ነው። የገንዳው ውሃ ጎድሎ ከመሳቢያው አፍ በታች ሲወርድም ፓምፑ አየር ይጎርሳል። ወደ ገንዳው በሚመለሰው ውሃ ውስጥ አረፋ መታየቱ የዚህ ምልክት ነው።

እኛ ጋ ሌላም መንገድ አለ፤ የመብራት መጥፋት። ፓምፑ ሲቆም ማጣሪያው ከገንዳው ከፍ ብሎ የተተከለ ከሆነ ውሃው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቦታውን አየር ይይዘዋል። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ያንን ሁሉ አየር በአንድ ጊዜ ወደ ማጣሪያው አናት ይገፋዋል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ያለ ማጣሪያ፣ መብራት ከማይቋረጥበት ይልቅ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይጨመቅበታል ማለት ነው።

ከመክፈት በፊት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሠራር አንድ ነው፦ አየሩ መውጣቱን ሦስት የተለያዩ ምስክሮች ሳያረጋግጡ ቡሎኑ አይነካም።

መጀመሪያ መብራቱ ከፓምፑ ማብሪያ ሳይሆን ከብሬከሩ ይጥፋ፤ ፓምፑን በሰዓት የሚያስነሣ መሣሪያ ካለም አብሮ ይዘጋ። መብራት በሄደበት ሰዓት እንኳ ይህ አይታለፍ። ብዙ ሰው መብራት ሲሄድ «እንግዲህ እስኪመጣ ማጣሪያውን ላጽዳ» ይላል። ከጠቅላላው ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ካለ ይህን እንዲያስታውስ እፈልጋለሁ፦ ክዳኑ በግማሽ ተፈቶ፣ ፊትዎ ከበላዩ እንዳጎነበሰ መብራቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በብሬከሩ ላይ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፍ፤ የቤቱ ሰዎችም ይነገራቸው።

ገንዳው ከማጣሪያው ከፍ ብሎ ያለ ከሆነ በመግቢያውና በመውጫው ቧንቧ ላይ ያሉት ቫልቮች ይዘጉ። ከዚያ በማጣሪያው አናት ያለችው የአየር ማስወጫ ቀስ ተብላ ትከፈት። የሚሰማው የ«ፍስስ» ድምፅ እስኪቆም መጠበቅ ነው፤ ይህ ደቂቃዎች ቢወስድም ማስቸኮል አያስፈልግም። ጌጁ ዜሮ ይሁን፤ ተጣብቆ እንደሆነ በጣት መታ መታ ይደረግ። በመጨረሻ በበርሜሉ ግርጌ ያለው የማፍሰሻ መሰኪያ ይከፈት። ውሃው በራሱ ክብደት ብቻ እየተንዠቀዠቀ ሲወርድና አየር በላይኛዋ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ በውስጥና በውጭ ያለው ግፊት ተተካክሏል። የአየሩ ድምፅ፣ ጌጁና የሚፈስሰው ውሃ አንድ ቃል ሲናገሩ የቀበቶው ቡሎን ሊላላ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ሰውነት ወደ ጎን ይሁን፤ ክዳኑ ላይ አይጎንበስ።

ከቧንቧ ሥር የሚንጠለጠለው የቤት ማጣሪያም እንዲሁ ነው። በ3 ባር የከተማ ግፊት 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አፉ ከ2 ኩንታል በላይ በሆነ ኃይል ይገፋል። ብዙዎቹ በአናታቸው ቀይ መጫኛ አላቸው፤ ውሃው ከተዘጋ በኋላ እርሷን ተጭኖ ግፊቱን መልቀቅ ነው።

ጽዳቱ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የጨርቁ ማጣሪያ በተራ የውሃ ጎማ ከላይ ወደታች ይታጠብ፤ በመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ውሃ ከታጠበ ጨርቁ ይሳሳል። የአሸዋው ማጣሪያ የውሃ አቅጣጫ መቀየሪያ እጀታ ፓምፑ እየሠራ በፍጹም አይዞር። አሸዋው ራሱ እንደ አጠቃቀሙ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል። ሲቀየር የግንባታ አሸዋ ወይም ለመንገድ ሥራ የሚወጣው ቀዩ የእሳተ ገሞራ አሸዋ አይጨመር፤ የመጀመሪያው ጭቃ ይዟል፣ ሁለተኛው ይፈረፈራል፣ የሁለቱም ቅንጣት እኩል አይደለም።

የጎማው ቀለበት በእጅ እየተዳበሰ ይፈተሽ። ከተሰነጠቀ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ይቀየር፤ ደህና ከሆነ ከአሸዋ ጠርቶ የሲሊኮን ቅባት ይቀባ። የመኪና ግሪስ ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል። ቀበቶው የዛገ ወይም የተጣመመ ከሆነ አይበየድ፤ በሌላ ቡሎንም አይተካ። 30 ኩንታል የሚይዝ ብረት የመጣው ተለክቶ ነው፤ መቀየር ያለበትም ለዚያው ማጣሪያ በተሠራው ነው።

እንደገና ሲነሣ

ሰዎች ሲከፍቱ ይጠነቀቁና ሲዘጉ ይዘናጋሉ። ከጽዳት በኋላ ግን በርሜሉ ሙሉ በሙሉ አየር ነው፤ ፓምፑ ሲነሣ የሚጨመቀው ያ ሁሉ አየር ነው። ቀበቶው በትክክል ካልተቀመጠ የሚለቀውም በዚህ ሰዓት ነው። አምራቾች በማጣሪያው ላይ በሚለጥፉት ማስጠንቀቂያ ፓምፑ ሲነሣ ሰው ከአጠገቡ ይራቅ የሚሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀበቶው ዙሪያውን በእኩል መግጠሙ በዓይንም በእጅም ይታይ፤ ቡሎኑ አምራቹ እስከሚለው ድረስ ይጥበቅ። የተዘጉት ቫልቮች ይከፈቱ፤ መውጫው ተዘግቶ ፓምፑ ከተነሣ ግፊቱ መሄጃ ያጣል። የአየር ማስወጫዋ ክፍት እንደሆነች ትቆይ። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ፣ መብራቱም ከሩቅ፣ ከብሬከሩ ይብራ። መጀመሪያ አየሩ እያፏጨ ይወጣል፤ ቀጥሎ አረፋና ውሃ እየተቀላቀለ ይተፋል፤ በመጨረሻ ያልተቆራረጠ ውሃ ይመጣል። ያን ጊዜ ቀርቦ ማስወጫዋን መዝጋት፣ ጌጁን ማንበብና አዲሱን ቁጥር ከቀኑ ጋር በበርሜሉ ላይ መጻፍ ይቻላል።